ጋዙን አትናቁት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሰማይን ማጥናት የሚያምራችሁ ልጆች ስታገኙኝ ስለ ብላክ ሆል ብቻ ትጠይቁኛላችሁ። አልፈርድባችሁም፣ ይማርካል። እኔ ግን በከዋክብት መካከል የተበተነውን ጋዝ አትናቁት እላለሁ። ኮከብ ኖሮ ያለፈበትን ሥራ ጋዙ ላይ ጽፎት ይሄዳል።

በጥር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ደጅ ውጡ። መብራት ከጠፋም አታማርሩ፤ ለዚህ ሥራ በረከት ነው። ወደ አናታችሁ ቀና ስትሉ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ኮከቦች ታያላችሁ። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ መቀነት ናቸው። ከነሱ ትንሽ ወደ ደቡብ ብዥ ያለች ነጥብ አለች። ባይኖኩላር ካገኛችሁ የጋዝ ደመና መሆኗ ይለያል። የኦሪዮን ኔቡላ ይህች ናት፤ 1,350 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች።

ያን ሁሉ ጋዝ በዋናነት የሚያበራው ቴታ 1 ኦሪዮኒስ ሲ የሚባል አንድ ኮከብ ነው። ከፀሐይ ከ30 እጥፍ በላይ ይከብዳል። የገጹ ሙቀት 40,000 ዲግሪ ይጠጋል፤ የኛዋ ፀሐይ 5,500 ገደማ ናት። እንዲህ የጋለ ኮከብ ከሚረጨው ብርሃን አብዛኛው በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ91 ናኖሜትር በታች የሆነው ደግሞ የሃይድሮጅንን ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ቀዝቃዛ የነበረው ጋዝ ወደ 10,000 ዲግሪ ይግላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ዙሪያውን እየገፋ ይሰፋል።

ኤሌክትሮንና ፕሮቶን መልሰው ይገናኛሉ፣ ኮከቡ መልሶ ይለያያቸዋል። ሁለቱ የሚመጣጠኑበት ርቀት ላይ የጋለው ጋዝ ድንበር ይበጃል። ዴንማርካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ስትሮምግረን በ1939 ይህን አሰላ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አቦ፣ ይህን ስሌት በእጃችሁ ሥሩት! ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ አያቅተውም፤ ከአሥር ቪዲዮ ይሻላችኋል።

ነፋስም አለ። እንዲህ የጋሉ ግዙፍ ኮከቦች በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍ ጋዝ ይተፋሉ። ሶፊያ የተባለው፣ በቦይንግ 747 ላይ ተጭኖ ይበር የነበረው ቴሌስኮፕ የኦሪዮንን ጋዝ ለክቶ ነበር። በ2019 በወጣው ውጤት፣ የዚሁ የቴታ 1 ኦሪዮኒስ ሲ ነፋስ ትልቅ አረፋ ፈልፍሎ ቅርፊቱን በሰከንድ 13 ኪሎ ሜትር ወደ ውጭ እየገፋው ነው። አረፋው ውስጥ አዲስ ኮከብ የሚሠራበት ጋዝ ተጠርጎ ወጥቷል።

ግዙፍ ኮከብ ጋዙን ጨምቆ አዲስ ኮከብ ያስወልዳል የሚል ዜና ስታነቡ ቀስ በሉ። አንዳንድ ቦታ እውነት ነው። ግን ኮከቡ ሲመጣ ጋዙ ቀድሞውኑ ሊሰበሰብ ነበር ወይስ እሱ ነው የሰበሰበው? ይህን መለየት ከባድ ነው። እኔ በበኩሌ የሚበትነው ከሚሰበስበው ይበዛል ባይ ነኝ። ደግሞም ጊዜ የለውም፤ ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ኖሮ በሱፐርኖቫ ይፈነዳል።

ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ምስሎች በነፃ ይገኛሉ፤ ኢንተርኔትና ፓይተን ከሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ትንሽ ይበቃሉ። በ1995 የተነሳውን የንስር ኔቡላ የጋዝ ዓምዶች ፎቶ ክፈቱ። ደቻቱ ወንዝ ላይ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ አሸዋ ተጠልሎ እንደሚቀር አይታችኋል አይደል? እዚህም ጠጠር ያለው ጋዝ ከጀርባው ያለውን ከብርሃኑ ከልሎታል። የሚያቃጥሉት ኮከቦች ፎቶው ውስጥ የሉም፤ ከላይኛው ጠርዝ ውጭ ናቸው። ሀብል በ2014 ያንኑ ቦታ ደግሞ አንስቶታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና ከአንዱ ዓምድ የሚፈናጠር ቀጭን የጋዝ ጨረር ፈልጉ። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ባለው ጊዜ ምን ያህል እንደረዘመ በፒክስል ለኩ፣ ርቀቱን 6,500 የብርሃን ዓመት ብላችሁ ያዙና ፍጥነቱን አስሉ።