ከጊታሩ በኋላስ?

ጥያቄ፦ ለረጅም ዓመታት በሮክ ባንድ ጊታር ተጫውቻለሁ። አሁን ባንዱ ተበትኗል፤ ጆሮዬም ይጮህብኛል። ሥዕል መሳል ያምረኛል፤ ግን በዚህ ዕድሜ ጀማሪ መባል አሳፈረኝ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጆሮህን ሐኪም ይየው፤ እሱ ቀልድ አይደለም። ወደ ሥዕሉ ስንመጣ፣ ካፕቴን ቢፍሃርት በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው የሮክ ሙዚቀኛ ዶን ቫን ቭሊት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ሙዚቃውን እርግፍ አድርጎ ትቶ ሠዓሊ ሆኗል። የሮክ ባንድ ድምፃዊ የነበረው ዳኒ ኤልፍማን ደግሞ የፊልም ሙዚቃ መድረስ የጀመረው ገና ባንዱ ሳይበተን ነው። ስለዚህ ብቻህን አይደለህም። አንዲት ሪፍ (ተደጋግማ የምትመጣ አጭር የጊታር ዜማ) እስክትዋጣለት ሲደጋግም ያደረ ሰው ደግሞ ልምምድ አያስፈራውም። የድሮ ዝናህን ይዘህ ኤግዚቢሽን ለመክፈት ግን አትቸኩል። ሰው ስምህን እንጂ ሥዕልህን አያይልህም። ለጊዜው ከማያውቁህ ተማሪዎች ጋር ቁጭ ብለህ ተማር። ጊታሩን ደግሞ እንዳትሸጠው፣ አደራ!