መልስ፦ እራት መተውና የስኳር መድኃኒት

እህቴ፣ ለገጣፎ ያሉት እናትሽ የስኳርና የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ፣ ክብደት ለመቀነስ ብለው እራት ትተዋል፤ ጠዋት ላብ ያጠምቃቸዋል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል ብለሻል። እኔን ያሳሰበኝ ኪሎው ሳይሆን ይሄ ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲዘል ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ሌላው የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። እራቱ ይመለስ። ሲያንቀጠቅጣቸው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው። ከዚያ ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፤ የመድኃኒቱን መጠን እሱ ያስተካክል፣ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።

ስትሄዱ መድኃኒቱን በሙሉ ከነማሸጊያው ፌስታል ውስጥ ክተቺ። ጎረቤት የሰጠቻቸው ማስታገሻም ሳይቀር! አይቡፕሮፌን የሚባለው ማስታገሻ ከግፊት መድኃኒቱ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና ኪኒን ጋር ሲደረብ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። አብሽ የሚጠጡ ከሆነም ተናገሪ፣ እሱም ስኳር ሊያወርድ ይችላል። ኪሎ ሲቀንስ ግፊትም አብሮ ስለሚወርድ፣ ከመቀመጫ ሲነሱ ያዞራቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው።

እንጀራውን ጠላት አታድርጉት። ሁለት የነበረው አንድ ይሁን፣ ጎመኑና ምስሩ ይብዛ፣ ለስላሳው ይቅር። ለእግር ጉዞ መንገዱ ጭቃ ከሆነ ደግሞ ግቢ ውስጥም መራመድ ይቻላል።