ማሲንቆውና ሲንቱ ለምን አልተስማሙም?

ከመሐል ሜዳ አንድ ወጣት የሚከተለውን ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ በኤፍኤል ስቱዲዮ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ቢት እሠራለሁ። አጎቴ ሲጫወቱ ማሲንቋቸውን በስልኬ ቀዳሁና ኪክ (ወፍራሙን የከበሮ ምት)፣ ባስ፣ ሃይ ሃት (ቀጭኑን የጸናጽል ምት) እና ፓድ (ከሥር ተዘርግቶ የሚቆይ ድምፅ) ጨመርኩበት። ስምንት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ያህል ያምራል፤ ከዚያ ወዴት እንደምወስደው ግን አላውቅም። በሄድፎን ጥሩ የነበረው ሥራ በስልክ ስከፍተው ደግሞ ባሱ ይጠፋል፣ ማሲንቆውም ይታፈናል። የድምፅ ማስተካከያዎቹን ኢኩላይዘርና ኮምፕሬሰር ሞክሬ አልተሻለም። ምን ፕላግኢን (ተጨማሪ መሣሪያ) ላውርድ?»

ወንድሜ፣ ምንም አታውርድ። የላክኸውን ፕሮጀክት ከፍቼ ደጋግሜ አዳመጥሁት፤ በሚክስ፣ ማለትም ድምፆችን በማመጣጠን፣ ልታርመው የደከምክበት ችግር የተፈጠረው ከሚክሱ በፊት፣ ድምፆቹን አንድ ላይ ስታስቀምጥ ነው።

ከቅኝቱ ልጀምር። አጎትህ ማሲንቋቸውን የቃኙት ለራሳቸው ጉሮሮ እንዲስማማ እንጂ ሲንትህ (የባሱንና የፓዱን ድምፅ የሚያወጣው መሣሪያ) ለሚከተለው፣ ላ 440 ኸርዝ ለሆነበት መደበኛ ቅኝት አይደለም። ዜማው እየተመለሰ የሚያርፍበትን ድምፅ ቆርጬ በቲዩነር ብለካው ከዶ 35 ሴንት ያህል ዝቅ ብሎ አገኘሁት፤ አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ስለሆነ ይህ ከግማሽ ድምፅ ሲሶ በላይ ነው፣ ጆሮም «አንድ ነገር ተበላሽቷል» የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ ማሲንቆውን በማስተካከያ ፕላግኢን ወደ ፒያኖው ይጎትቱታል፤ እኔ ይህን አልመክርም፣ ምክንያቱም የአጎትህ ጣት በጭራው ላይ ሲንሸራተት የሚፈጠረው ለዛ አብሮ ይሞታል። ይልቁንስ ባሱንና ፓዱን በፋይን ቲዩን (የሲንቱ ጥቃቅን ቅኝት ማስተካከያ) 35 ሴንት ዝቅ አድርጋቸው።

ሁለተኛው ስሕተት ፓዱ ላይ አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች፣ ማለትም ኮርዱ ላይ ነው። አጎትህ የሚጫወቱት ትዝታ ማይነር ነው፤ ድምፆቹም ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። አንተ ግን ከሥር ዶ፣ ሚ፣ ሶል ይዘሃል፤ ስለዚህ ማሲንቆው ሚ ፍላት ላይ በደረሰ ቁጥር ያንተ ሚ ይጋጨዋል። ሚውን አውጥተህ ዶና ሶልን ብቻ ተው። በእኔ ልምድ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከሥሩ ሙሉ ኮርድ ሲደረደርለት ከሚያምር ይልቅ የሚጨነቅበት ጊዜ ይበዛል።

ምቱን በተመለከተ፣ አጎትህ ጭክጭካ ነው የያዙት፤ ይኸውም እያንዳንዱ ምት ለሦስት የሚከፈልበት የ6/8 አካሄድ ነው፤ የአንተ ሃይ ሃት ግን እያንዳንዱን ምት ለአራት ይከፍለዋል። ፕሮጀክቱን በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) እና በ4/4 እንዳለ ተወውና የሃይ ሃቱን ግሪድ (ምቱን የሚከፍሉትን መስመሮች) ወደ ሦስትዮሽ ለውጠው። 6/8 ብለህ ልትሞላ ከፈለግህ ግን ቢፒኤሙ የሚቆጥረው ሩብ ኖታን ስለሆነ ያው ፍጥነት 180 ይሆናል፤ ይህን ሳያውቁ በቀርፋፋ ጭክጭካ የሚንገላቱ ብዙ አቀናባሪዎች አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ ስምንቱ ባር እንምጣ። በ120 ቢፒኤም ስምንት ባር 16 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ዐሥራ አምስት ጊዜ ብትደግመው አራት ደቂቃ ይሞላል። በትክክል እንደዚያ አድርገህ ደርድረውና ከዚያ መጨመሩን ትተህ መቀነስ ጀምር። መጀመሪያ ላይ ማሲንቆውን ብቻውን ተወው፤ አዝማሪም ግጥሙን ከማውጣቱ በፊት በማሲንቆው ጥቂት ይጫወታል። ኪኩ ለብቻው ይግባ፣ ባሱ ከስምንት ባር በኋላ ይከተለው። ሲንቱን የዘፈን ተቀባይ አድርገህ አስበው፦ አውጪው ሲያወጣ ተቀባይ ዝም ይላል፣ አውጪው ሲያርፍ ይቀበላል። በላክኸው ሥራ ሲንቱ ማሲንቆው ላይ ያለማቋረጥ ይናገራል። በመሀል አንድ ቦታ ላይ ኪክና ባሱን ለስምንት ባር ሙሉ በሙሉ አውጣቸው፤ ሲመለሱ ድምፃቸውን ሳትጨምር የከበዱ ይመስላሉ።

ይህን ከጨረስህ ለሚክሱ የሚቀርህ ሥራ ትንሽ ነው። ባስህ የሚመታው ዝቅተኛው ዶ 33 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን እምብዛም አያወጣም። ባሱን አንድ ኦክታቭ (እስከሚቀጥለው ዶ) ከፍ አድርገህ 65 ኸርዝ አካባቢ አምጣውና ጥቂት ሳቹሬሽን (ድምፁን በትንሹ የሚያሻክር ኢፌክት) ጨምርበት፤ ይህ 130፣ 195፣ 260 እያሉ የሚወጡትን ድምፆች ያጎላቸዋል፣ ጆሮም ከእነሱ ተነሥቶ የታችኛውን ባስ ራሱ ይሞላዋል። ማሲንቆው የታፈነው ፓዱ እሱ በሚጫወትበት ከፍታ ላይ ስለተዘረጋ ነው፤ ፓዱንም ኢኩላይዘር ከመክፈትህ በፊት አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ውሰደው። ሁሉንም በሞኖ (ግራና ቀኙን ወደ አንድ ቀላቅለህ) አንድ ጊዜ አዳምጥ፣ ሁሉም ድምፆች የሚገናኙበት ማስተር ላይም ከፍተኛው ጫፍ ከ-6 ዴሲቤል በላይ እንዳይወጣ ተጠንቀቅ።

ስለ ቀረጻው አንድ ነገር ልጨምር። የቤቱ ቆርቆሮ ጩኸት በማሲንቆው ላይ ይሰማል። እናንተ አገር ባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ) አይጠፋምና ሁለት ያህል ከአጎትህ ጀርባና ከጎን ስቀል፤ የበግ ፀጉር ባስን አያቆምም፣ የማሲንቆን ከፍተኛ ድምፅና የግድግዳን ማስተጋባት ግን ደህና አድርጎ ይውጣል። ስልኩን በክንድ ርቀት አስቀምጠው፣ ከኔትወርክም አውጣው። የማሲንቆ ቆዳ እርጥበት ሲነካው ስለሚላላ በጠዋቱ ጉም የተቀዳውና ከቀትር በኋላ የተቀዳው በአንድ ቅኝት ላይ አይገኙም፤ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቁጭታ ቅዳና አጎትህ እያንዳንዱን ቅጂ ከመጀመራቸው በፊት የማረፊያውን ድምፅ ለብቻው ለአምስት ሰከንድ ያህል እንዲጎትቱልህ ጠይቃቸው፤ ሲንቱን የምታስተካክለው በዚያ ድምፅ ነው።