መልስ፦ የእንግሊዝ ጡረታ ይዞ አገር ቤት መግባት

እህቴ፣ «አባቴ ለንደን ሠርተው ጡረታ ወጡ፤ አዲስ አበባ ልግባ ይላሉ፤ ጡረታቸው ይቋረጣል ወይ?» ላልሽው፣ አይቋረጥም። ግን መጠኑ ባለበት ይቆማል።

የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ በየኤፕሪሉ ይጨምራል። ስፔን የሚኖር ጡረተኛ ጭማሪው ይደርሰዋል፤ ኢትዮጵያ የሚኖር ግን አይደርሰውም። (ካናዳ ያሉትም አይደርሳቸውም፤ ብቻዎን አይደሉም በያቸው።) በፈረንጆቹ 2025 ሙሉው አዲሱ ጡረታ በሳምንት 230 ፓውንድ ገደማ ነበር። በዚያ የገባ ሰው ከ10 ዓመት በኋላም ያው 230 ነው። ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን ድጎማ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጠቅልለው ሲወጡ ይቆማል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደብዳቤው ነው። በሕይወት መኖራቸውን የሚያረጋግጥ ቅጽ በፖስታ ይላካል። ዘመድ ያልሆነ ምስክር፣ ለምሳሌ ሐኪም ወይም ጠበቃ፣ ፈርሞበት መመለስ አለበት። አክስቴ አድራሻ ብላ የሰጠችው የወንድሟን ልጅ ፖስታ ሣጥን ነበር። ልጁ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወራት ረሳው። ቅጹ ከድሮ የስልክ ቢል ሥር ሲገኝ ጡረታዋ ታግዷል። «አለሁ እኮ!» እያለች ስትደውል ከረመች። በኋላ ተለቀቀላት፤ እስከዚያ ግን በብድር ነው የኖረችው። ስለዚህ ሣጥኑን በየሳምንቱ የሚከፍት ሰው ይኑር።

ሕክምናም አለ። ኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) የሚያየው እዚያ መኖርን እንጂ ስንት ዓመት ግብር እንደከፈሉ አይደለም። ለጉብኝት ሲመለሱ ከድንገተኛ ክፍል ውጭ ሆስፒታሉ ሊያስከፍላቸው ይችላል። መጀመሪያ ለጥቂት ወራት ሄደው ይሞክሩት። የለንደኑን ቤት ገና አይሽጡ።