ከለር ዊሉን ተከትዬ ነበር፣ ፖስተሩ ግን ዓይን ይወጋል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ዲዛይን መማር ከጀመርኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። ለአንድ የሙዚቃ ምሽት ፖስተር ስሰራ ከለር ዊል (ቀለሞች በክብ የተደረደሩበት ሥዕል) ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ቀለሞች ይስማማሉ ስለተባልኩ ባክግራውንዱን ቀይ (በስክሪን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን 255፣ 0፣ 0)፣ ጽሁፉን አረንጓዴ (0፣ 128፣ 0) አደረግኩት። አሁን ሳየው ዓይን ይወጋል፣ ፊደሎቹ ዳር ዳራቸው የሚንቀጠቀጥ ይመስላል፣ ያየው ሰው ሁሉ አይነበብም ይለኛል። የተባልኩትን አድርጌ እንዴት እንዲህ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ የተነገረሽ ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው የነገሩሽ፣ እና ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል ምክንያቱም ስንት ጀማሪ እዚህ ጋ ተደናቅፎ "እኔ ቀለም አይገባኝም" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ከለር ዊል የሚያሳይሽ ቀለሙ ቀይ ነው፣ ቢጫ ነው፣ ሰማያዊ ነው የሚለውን ብቻ ነው። ምን ያህል ይነጣል ወይ ይጠቁራል (ቫልዩ የምንለው)፣ ምን ያህል ይደምቃል ወይ ይደበዝዛል (ሳቹሬሽን)፣ ገጹ ላይስ ስንት ቦታ ይይዛል፣ እነዚህን ሦስቱን አይነግርሽም፣ ሁለት ቀለም መስማማት አለመስማማቱ ደግሞ ባብዛኛው የሚወሰነው በነሱ ነው።

እስቲ የፖስተሩን ኮፒ ወደ ግሬይስኬል ቀይሪው። ሳቹሬሽኑን ወደ ዜሮ መጎተት አይደለም ያልኩሽ፣ እሱ ብዙ ፕሮግራም ላይ ዓይን ከሚያየው የራቀ ግራጫ ነው የሚሰጥሽ፣ ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን ትዕዛዝ ተጠቀሚ። አንቺ በጻፍሽልኝ ቁጥሮች በተለመደው ስሌት ሳሰላው (0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው) ቀዩ 76፣ አረንጓዴው 75 ነው የሚወጣው፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ ማለት ነው፣ ጽሁፉ ጭራሽ ጠፋ። ዓይናችን የፊደልን ጠርዝ በዋናነት የሚለየው በብርሃንና በጨለማ ልዩነት ነው፣ ያ ልዩነት ሲጠፋና ቀለሞቹ ደግሞ ሁለቱም ደማቅ ተቃራኒ ሲሆኑ ድንበሩን መያዝ ያቅተዋል፣ ሲንቀጠቀጥ የምታይው እሱን ነው። ድረ ገጽ ላይ ለሚነበብ ተራ ጽሁፍ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ኮንትራስት (የጽሁፉና የባክግራውንዱ የብርሃን ልዩነት) ይጠይቃል፣ ያንቺ ወደ 1.3 ለ 1 ነው።

ቀለም ከጎረቤቱ ጋር እንዲህ እንደሚናካ በደንብ ያጠናው ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ፓሪስ ውስጥ ጎብለን የተባለው የግድግዳ ስጋጃ መሸመኛ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር፣ እና ጥቁሩ ክር ደከመ፣ አይጠቁርም የሚል ቅሬታ መጣበት። ክሩን መረመረው፣ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ አጠገቡ የተሸመኑት ቀለሞች ናቸው። ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ ተቃራኒ ይገፋዋል ብሎ በ1839 መጽሐፍ አወጣ። ስለዚህ ቀይና አረንጓዴሽ ከመጀመሪያውም እርስ በርስ እየተጋጋሉ ነበር፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ማስጮህ አያስፈልግም።

አሁን ቀለሞቹን አትጣያቸው፣ አራርቂያቸው። አረንጓዴውን ባክግራውንድ አድርጊና ወደ ጥቁር እስኪጠጋ አጥቁሪው፣ ለምሳሌ 0፣ 60፣ 40፣ ከዛ ቀዩን ለጽሁፍ አምጪና ወደ ሮዝ እስኪያደላ አንጪው፣ ለምሳሌ 255፣ 140፣ 130። ይሄ ወደ 5.5 ለ 1 ይሰጥሻል፣ ያው ቀይና አረንጓዴ ነው፣ ግን ይነበባል። ሌላም ጥቅም አለው፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግራቸው ብዙ ሰዎች አሉ፣ በተለይ ወንዶች፣ እነሱም ቀለሙን ባይለዩት በብርሃን ልዩነቱ ያነቡታል።

ጥያቄ፦ የሥዕል መጽሐፌ የቀይ ተቃራኒ አረንጓዴ ነው ይላል፣ ስልኬ ላይ ያለው የቀለም አፕ ደግሞ ሲያን (ሰማያዊ የነካው አረንጓዴ) ይለኛል። የቢጫውም እንደዛው፣ አንዱ ወይን ጠጅ አንዱ ሰማያዊ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም፣ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ክቦች ናቸው። የመጽሐፉ የቆየው የሠዓሊዎች ክብ ነው፣ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊን መነሻ አድርጎ የተሠራ፣ የአፑ ግን ስክሪን የሚሠራበትን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይዞ ነው የሚያሰላው። ቀለምን በክብ ያስቀመጠው ኒውተን ራሱ እኮ በ1704 ባሳተመው መጽሐፍ ሰባት ቦታ ከፍሎት ከሙዚቃ ድምፆች ጋር አዛምዶታል፣ ክቡ ሰው ለሥራው እንዲመቸው የሚያበጀው ነገር ነው። የቱ ለዓይን ይቀርባል ካልከኝ ራስህ ሞክረው፦ ደማቅ ቀይ ወረቀት ላይ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ትኩር ብለህ እይና ወዲያው ነጭ ግድግዳ ላይ ዞር በል፣ የሚታይህ ጥላ ሰማያዊ የነካው አረንጓዴ ነው፣ ወደ አፑ መልስ ይጠጋል። እኔ ፎቶ ቢጫ ሲመታው ለማስተካከል የአፑን ክብ እጠቀማለሁ (ሰማያዊ ስትጨምርበት ቢጫው ይሄዳል)፣ በብሩሽ ስቀባ ግን የሠዓሊዎቹን። አንድ ሥራ ላይ ሁለቱን አትቀላቅል፣ እሱ ነው የሚያምታታህ።

ጥያቄ፦ በአክሪሊክ ሎሚ እየሳልኩ ነው፣ ጥላውን ለማጥቆር ቢጫው ላይ ጥቁር ስጨምር የሻገተ አረንጓዴ ይሆንብኛል።

መልስ፦ ቢጫ ከጥቁር ጋር ሁሌም እንደዛ ነው፣ የቀላቀልሽበት መንገድ አይደለም ችግሩ። ጥቁሩን ተዪውና ከቢጫው ፊት ለፊት ያለውን ወይን ጠጅ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ንኪበት፣ በጣም ትንሽ፣ ምክንያቱም ወይን ጠጁ ኃይለኛ ነው ቶሎ ይውጠዋል። ወደ ቡኒ የሚያደላ ሞቅ ያለ ጥላ ታገኚያለሽ። ከበዛብሽ እንደገና ቢጫ መልሺበት።

ጥያቄ፦ ትራያድ ስጠቀም፣ ማለት ከለር ዊሉ ላይ በ120 ዲግሪ የተራራቁ ሦስት ቀለሞች፣ ሁሌ የሕፃናት መጫወቻ ነው የሚመስልብኝ። እንዴት ነው ሌሎቹ የሚያሳምሩት?

መልስ፦ ሦስቱንም እኩል ቦታና እኩል ድምቀት ስለምትሰጣቸው ነው። ብዙ ጊዜ በጀርመናዊው ደራሲ በጎተ ስም የሚጠቀስ የቀለሞች የብርሃን ደረጃ አለ፣ ቢጫ 9 ወይን ጠጅ 3፣ በዚህ ስሌት ሁለቱ እንዲመዛዘኑ ወይን ጠጁ የቢጫውን ሦስት እጥፍ ቦታ መያዝ አለበት ማለት ነው፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ ደግሞ 8 ለ 4 ስለሆኑ ሰማያዊው እጥፍ ይወስዳል። እነዚህ ቁጥሮች ቀለሙ በሙሉ ድምቀቱ ሲሆን ነው፣ ካደበዘዝከው ይቀየራል፣ ስለዚህ እንደ መነሻ ያዛቸው። እኔ የማደርገው አንዱን ቀለም ጌታ አደርገዋለሁ፣ ከገጹ ከግማሽ በላይ ይወስዳል፣ ሁለተኛውን አደበዝዘውና ለድጋፍ አስቀምጠዋለሁ፣ ሦስተኛውን እንደ ደመቀ ትቼው አንድ ቦታ ብቻ ጠብ አደርገዋለሁ፣ ሰው መጀመሪያ እንዲያየው የምፈልገው ነገር ላይ። ያሁኑን ሥራህን ሳትሰርዝ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ሳቹሬሽናቸውን በግማሽ ቀንሰህ እየው፣ ገጹ ወዲያው ሲረጋጋ ታያለህ።