ከ444 ኪሎጁል 610 ይወጣል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ የኤሌክትሪካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ኮምፐልሴተርን በኮምፒውተር ሲሙሌት ማድረግ ነው፤ ኤሌክትሪክ በአጭር ምት የሚለቀውን ጀነሬተር ማለቴ ነው። የሚዞረው ክፍል፣ ሮተሩ፣ 200 ኪሎ የብረት ዲስክ ነው፤ ሬዲየሱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 3000 ዙር። ያጠራቀመው ኢነርጂ 444 ኪሎጁል ነው። ጭነቱ ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚጠቀመው ዕቃ ላይ፣ የደረሰው ግን 610 ሆኖ ወጣ። ሳምንት ሙሉ ስህተቱን ፈልጌ አጣሁት። ቀመሮቹን አያይዣለሁ። ደግሞስ ትንሽ ማሽን ወርክሾፕ ውስጥ ሠርቼ ባረጋግጥ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 610ን አይተህ መጠራጠርህ ደስ ብሎኛል። ቀመሮችህን ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ትልቁ ስህተት ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ፍጥነቱን 3000 ብለህ ቸንክረኸዋል። ጭነቱ የፈለገውን ያህል ቢስብ ሮተርህ አይደክምም።

እኔ አሁን ደሴ ብኖርም ያደግኩት ኮምቦልቻ፣ ሞተር ጥቅለላ ቤት ውስጥ ነው። ጎረቤታችን ብየዳ ቤት ነበር። መብራት ሲጠፋ በናፍጣ ጀነሬተር ይበይዳሉ። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ሲነካ ጀነሬተሩ ያቃስታል። ድምፁ ይወፍራል፤ ግድግዳው ላይ ያለው አምፖል ደብዘዝ ይላል። ኤሌክትሮዱ ሲነሳ ድምፁ መልሶ ይቀጥናል። ዓይኔን ጨፍኜ ስንት ጊዜ እንደነካ እቆጥር ነበር። ያ ማቃሰት ያንተ ሞዴል ውስጥ የለም። ጥቅልሉ ውስጥ የሚሄደው ከረንት ሮተሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ይህን ቶርክ፣ ማለትም ወደ ኋላ የሚጠመዝዘውን ኃይል፣ ኮምፒውተሩ ጊዜውን ከፋፍሎ በሚያሰላበት በየእርምጃው አስላና ፍጥነቱን በዚያ ልክ ቀንስ። ፍጥነቱ ከ3000 ወደ 2400 ቢወርድ የቀነሰው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ኢነርጂው ግን ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ 36 በመቶው፣ 160 ኪሎጁል ገደማ፣ ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያም ላይ ጥቅልሉን የሚያሞቀው ይቀነሳል።

ሁለተኛው ስህተት ተደብቋል። ኮምፐልሴተር በ1978 ቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲፈለሰፍ ዋናው ሐሳብ ኢንደክታንሱ፣ ማለትም ጥቅልሉ የከረንትን ለውጥ የሚቃወምበት መጠን፣ እንዲለዋወጥ ማድረግ ነበር። የሚዞረውና የቆመው ጥቅልል በተከታታይ ይያያዛሉ። መግነጢሳቸው ሲደጋገፍ ኢንደክታንሱ ይጨምራል፤ እርስ በርሱ ሲጠፋፋ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከረንቱ ያኔ ነው የሚፈነዳው። አንተ ኢንደክታንሱን ከአንግሉ ጋር ለዋውጠሃል፤ ጎበዝ። ቮልቴጁ ላይ ግን ኢንደክታንስ ሲባዛ የከረንት ለውጥ ብለህ አቆምክ። አንድ ነገር ቀረ፦ ከረንቱ፣ ሲባዛ ፍጥነቱ፣ ሲባዛ ኢንደክታንሱ በአንግል የሚለወጥበት መጠን። ይህን የረሳ ሞዴል ሂሳቡ በፍጹም አይዘጋለትም። የቶርኩም አንዱ ክፍል ከዚሁ ለውጥ ይመጣል፤ ሌላውን የማሽኑን መግነጢስ ከሚፈጥረው ከፊልድ ጥቅልሉ ጋር ካለው ትስስር ታገኘዋለህ።

እርምጃህም ሰፊ ነው። በደቂቃ 3000 ዙር ማለት አንዱ ዙር በ20 ሚሊሰከንድ ያልቃል። አንተ በ1 ሚሊሰከንድ ስትራመድ ሮተሩ 18 ዲግሪ ዘሎ ሄዷል። ኢንደክታንሱ የሚወርድባት ጠባብ ቦታ በሁለት እርምጃ መሃል ልታመልጥህ ትችላለች። ወደ 10 ማይክሮሰከንድ አውርደው። ከዚያ እሱንም በግማሽ ቀንሰህ ሞክር። መልሱ ከተንቀሳቀሰ ገና ነህ።

ከሁሉ በላይ እንደ ባለሱቅ ደብተር ያዝ። በየእርምጃው ከሮተሩ የወጣውንና ከፊልድ ምንጩ የገባውን በአንድ በኩል ጻፍ። በሌላ በኩል ጭነቱ የወሰደውን፣ ሙቀት የሆነውን፣ መግነጢስ ውስጥ የቀረውን። ልዩነቱ ዜሮ አካባቢ ካልሆነ ሌላውን ግራፍ አትመን።

ይህ ጥንቃቄ ለትልልቆቹም ያው ነው። እንግሊዝ አገር የነበረው፣ ጄት የሚባለው የፊውዥን (አቶሞችን አዋህዶ ኢነርጂ የማውጣት) ምርምር ማሽን፣ እንዲህ የሚያጠራቅሙ ሁለት ጀነሬተሮች ነበሩት። የእያንዳንዱ ሮተር 775 ቶን ይመዝናል፤ በደቂቃ እስከ 225 ዙር ይዞራል። የመብራት ኔትወርኩ ያን ሁሉ ኃይል በአንዴ መስጠት ስለማይችል ቀስ ብለው አጠራቅመው በሰከንዶች ይለቁት ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ማርክ ኦሊፋንት አውስትራሊያ፣ ካንቤራ ላይ ያስጀመረው ሆሞፖላር ጀነሬተር (መግነጢስ ውስጥ በሚዞር ዲስክ የሚሠራ) ደግሞ 500 ሜጋጁል ይይዝ ነበር፤ ካንተው ከሺህ እጥፍ በላይ።

ወርክሾፕ ስላልከው፣ እባክህ ዲስኩን አትሥራው። በዚህ ፍጥነት ጠርዙ በሰከንድ 94 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢሰነጠቅ ቆርቆሮ ግድግዳ አያቆመውም። ይልቅ ወርክሾፑ ውስጥ ያለውን ባዶ የሚዞር ሞተር በአስተማሪህ ፊት አጥፋና በራሱ እስኪቆም ፍጥነቱን በየሰከንዱ መዝግብ። ሞዴልህ ያን የመዘግየት መስመር መድገም ከቻለ ፍሪክሽኑን በትክክል አስገብተሃል። ደብተሩ ሲዘጋ ቁጥሮቹን ላክልኝ፤ በሚቀጥለው እትም አብረን እናያቸዋለን።