የዕቃ ማድረስ ሥራና የሠራተኛ ማኅበር፦ ለጎንደር ልጆች ጥያቄዎች መልስ

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሜሪካ ብዙ ዓመት የዕቃ መጋዘን ውስጥ ጭኛለሁ። በኋላም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ሆኜ ከአለቆች ጋር ስከራከር ኖሬያለሁ። አሁን አዘዞ ነኝ። ስለ ሥራውም ስለ ማኅበሩም የምትጠይቁኝ ስለበዛ "ያላችሁን ሁሉ አምጡ" ብዬ ነበር፤ አመጣችሁ። አንዳንዱ ጥያቄ ስድብም ነበረበት። ስድቡን ትቼ ጥያቄውን ወስጃለሁ። እኔ የሠራሁበትን ድርጅት ስም አልጠራም። ከታች የጠራኋቸው ታሪካቸው የአደባባይ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲቪ ደርሶኝ ቪዛ እየጠበቅሁ ነው። የአጎቴ ልጅ "ዕቃ መጋዘን አስገባሃለሁ" ይለኛል። እውነት ያን ያህል ከባድ ነው?

መልስ፦ ከባድ ነው። ግን የሚያከብደው ኪሎው ብቻ አይደለም። ትልልቆቹ የአሜሪካ ዕቃ አድራሽ ድርጅቶች፣ ዩፒኤስም ፌዴክስም፣ እስከ 150 ፓውንድ፣ ማለትም 68 ኪሎ ግድም የሚመዝን ዕቃ ይቀበላሉ። እንዲህ ያለው ግን በአንድ ፈረቃ ጥቂት ነው። የሚጨርስህ ትንንሹ ካርቶን ነው፤ አያልቅማ! ዕቃውን እየጎተተ የሚያመጣልህ ቤልት አይቆምም። "እኔ ኩንታል ተሸክሜ ያደግሁ ነኝ" እንዳትል። ኩንታሉን አውርደህ ትቀመጣለህ፣ ላብህን ትጠርጋለህ፣ ሻይ ትላለህ። እዚያ መቀመጥ የለም። አንዱን ሳታስቀምጥ ሌላው ደርሷል።

የማለዳው ፈረቃ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። በዩፒኤስ ፓርት ታይም ሠራተኛ በቀን ቢያንስ የሦስት ሰዓት ተኩል ሥራ እንዲያገኝ በውሉ ተጽፏል። ሦስት ሰዓት ተኩል ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ብዙው አበሻ ሁለተኛ ሥራ ይደርብበታል። ሰውን የሚሰብረው ይኼ ድርብ ነው። በሙቀቱ ወራት የተሳቢው ውስጥ ምድጃ ነው። ከፈረንጆቹ ገና በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ዕቃው ይጎርፋል፤ ያኔ ዕረፍት ብትጠይቅ ይስቁብሃል።

ጫማ ላይ አትሰስት። ከጉልበትህ እጠፍ፣ ከወገብህ አትጎንበስ። ሲከብድህ "ሰው ጨምሩልኝ" በል። እኛ ጎንደሬዎች ይህችን ቃል ማውጣት እንደ ሽንፈት እናያታለን። በዚህ ኩራት ወገቡን ያጣ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ማኅበር ውስጥ መግባት ግዴታ ነው? ስንት ያስከፍላል?

መልስ፦ እንደ ግዛቱ ነው። 26 በሚሆኑ የአሜሪካ ግዛቶች ለማኅበር አልከፈልክም ተብለህ ከሥራ አትባረርም። በቲምስተርስ፣ ማለትም የዩፒኤስን ሠራተኞች ባቀፈው ማኅበር፣ ወርኃዊው መዋጮ በአብዛኛው የሁለት ሰዓት ተኩል ክፍያህ ነው። በሰዓት 21 ዶላር ብታገኝ 52 ከ50 ማለት ነው። ለፓርት ታይም ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የሚያጉረመርመውን አልፈርድበትም።

ጥያቄ፦ ማኅበር ሰነፍን ነው የሚጠብቀው። ታታሪው ለምን ይክፈል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ማኅበሩ አባል እያማረጠ መከራከር አይችልም። እኔም ልቤ ሳይፈቅድ የተከራከርኩላቸው ነበሩ።

ግን ሰነፉ ማን እንደሆነ ማን ይወስን? ማኅበር በሌለበት አለቃው ብቻውን ይወስናል። ጎበዙ ልጅ ጎበዝ ስለሆነ ሁለት መኪና እንዲጭን ይሰጡታል። ዓመት ሁለት ዓመት ይሠራል። ወገቡን ሲያመው ፍጥነቱ ይቀንሳል። ያኔ ስሙ ሰነፍ ይሆናል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ለዚህ ልጅ ነው ውሉ "ሠራተኛን ስታባርር በቂ ምክንያት አምጣ" የሚለው። ጭቅጭቁም አለቃው ቢሮ በር ላይ አያልቅም። አቤቱታው በጽሑፍ ይገባል፣ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፣ ካልሆነ ገለልተኛ ዳኛ ዘንድ ይደርሳል።

ታታሪውን በእውነት የሚያናድደው ሌላ ነገር ነው፤ ሲኒየሪቲ። ቀድሞ የተቀጠረ ይቀድማል፣ በቃ። ሹፌር ለመሆን ዓመታት የጠበቁ አሉ። እኔ ግን በአለቃ ዓይን መወደድን ከመጠበቅ ወረፋ መጠበቅ ይሻለኛል። ወረፋው ቢያንስ ይታያል።

ጥያቄ፦ የማኅበር መሪዎችስ ያው ባለሥልጣን አይደሉም? ከአሠሪ ጋር በልተው ይፈርማሉ።

መልስ፦ በጉቦ ሳይሆን በደንብ አንቀጽ አባሎቻቸውን የረገጡበትን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቲምስተርስና ዩፒኤስ የተስማሙበት ውል ሁለት ዓይነት ሹፌር ፈጠረ። መኪናው ያው፣ ዕቃው ያው፣ አዲሱ ሹፌር ግን ዝቅ ያለ ክፍያ። አባላቱ ድምፅ ሰጡ። ከሰጡት 54 በመቶው "አይሆንም" አሉ። መሪዎቹ ታዲያ አንድ አንቀጽ መዘዙ፦ ድምፅ የሰጠው አባል ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ውሉን ለመጣል የሁለት ሦስተኛ ተቃውሞ ያስፈልጋል የሚል። ውሉ ጸደቀ።

አባላቱ ግን ማኅበሩን ጥለው አልሄዱም። በ2021 ጉባኤ ያን አንቀጽ ሰረዙት። በዚያው ዓመት ምርጫ አዲስ አመራር አመጡ። በ2023ቱ ውል ያ ሁለተኛ ደረጃ ሹፌርነት ቀረ። አምስት ዓመት ፈጀ። ግን ልብ በል፣ ድምፅ ከሰጠው ይልቅ ያልሰጠው ይበልጥ ነበር። መሪ ብቻ መውቀስ ይቀለናል።

ጥያቄ፦ ደመወዝ ሲጨምር ድርጅቱ ሰው ይቀንሳል። ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይህ የጠንካራ ተከራካሪ ጥያቄ ነው። በ2023 340,000 የሚሆኑ የዩፒኤስ ሠራተኞችን የሚመለከት ውል ተፈረመ። የፓርት ታይም መነሻ ክፍያ 21 ዶላር ሆነ። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሚገዙ የማድረሻ መኪኖች ማቀዝቀዣ እንዲኖራቸው ተስማሙ። ያ ሁሉ ቡናማ መኪና እስከዚያ ድረስ ያለ ማቀዝቀዣ መሄዱ ራሱ ይገርማል! ይህ ሁሉ የመጣው 97 በመቶ ድምፅ ሰጪ ለአድማ ዝግጁ ነን ካለ በኋላ ነው።

ከዚያ ድርጅቱ በ2024 መጀመሪያ 12,000፣ በ2025 ደግሞ 20,000 ሥራ እቀንሳለሁ አለ። የመጀመሪያው በአብዛኛው አለቆችንና የኮንትራት ሠራተኞችን የሚመለከት ነበር። ለሁለተኛው በኢንተርኔት ዕቃ ከሚሸጠው ከአማዞን የሚመጣለትን ዕቃ ከግማሽ በላይ ለመቀነስ መወሰኑን ጠቅሷል። ደመወዙ ምንም ድርሻ የለውም ብዬ አልዋሽህም። ጉልበት ሲወደድ ማሽን ይገባል። ግን አማዞን ዕቃውን ሥራውን በኮንትራት በሚወስዱ ትንንሽ ድርጅቶች፣ በኮንትራክተሮች በኩል ያደርሳል። ሹፌሩ የአማዞንን ልብስ ይለብሳል፣ ደመወዙን የሚከፍለው ሌላ ነው። አንዱ ቤት ማኅበር ኖሮ ጎረቤቱ ከሌለው፣ ዕቃው ወደ ርካሹ ይፈሳል። እንደ እኔ መድኃኒቱ ያለውን ማፍረስ ሳይሆን የሌለውም እንዲኖረው ማድረግ ነው። የማይስማማ ይከራከረኝ።

ጥያቄ፦ ፌዴክስስ ለምን ማኅበር የለውም?

መልስ፦ ፓይለቶቹ አላቸው። በአውሮፕላን የሚያደርሰው ክፍል፣ የፌዴክስ ኤክስፕረስ ሠራተኞች፣ እንደ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1926 በወጣው የባቡር ሠራተኞች ሕግ ሥር ስለሚታዩ፣ አንድ መጋዘን ለብቻው ተነሥቶ ማኅበር ማቋቋም አይችልም። በአንድ የሥራ ዘርፍ ያሉት በመላ አገሪቱ አንድ ላይ ድምፅ መስጠት አለባቸው። በየብስ በሚያደርሰው ክፍል፣ በፌዴክስ ግራውንድ፣ መኪና የሚያሽከረክሩት ደግሞ የኮንትራክተር ሠራተኞች ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ጎንደር ሞተረኛ ነኝ። ለሱቆች ዕቃ አደርሳለሁ፣ ከመናኸሪያም ዕቃ እቀበላለሁ። የሚከፈለኝ በፍሬ ነው። የአሜሪካው ወሬ ለኔ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ የአንተን ሥራ አውቀዋለሁ። የቤት ቁጥር የለም። "ከጃንተከል ዋርካ ወረድ ብለህ ደውልልኝ" ይሉሃል፤ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ተመልሰህ ዳገቱን ትወጣለህ። ቤንዚኑ የአንተ፣ ካርዱ የአንተ፣ ጎማው የአንተ። ደንበኛው ዕቃውን ሳይቀበል ከቀረ ደግሞ ምንም የለህም።

መጀመሪያ የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ አሠሪ አለህ ወይስ የለህም? ለሰባት ሱቅ በራስህ ዋጋ የምትሠራ ከሆነ ነጋዴ ነህ። ከሌሎች ሞተረኞች ጋር ኅብረት ሥራ ማቋቋም፣ ለመመላለሻ ማስከፈል ትችላላችሁ። ነገር ግን አንድ ድርጅት ስንት ሰዓት ግባ፣ የት ሂድ፣ ምን ልበስ እያለ የሚያዝህ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በፍሬ መከፈልህ ብቻውን ከሠራተኛነት አያወጣህም። ያኔ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከትሃል። የሙከራ ጊዜህ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድህ 16 የሥራ ቀን ነው። ለጡረታ አንተ 7፣ አሠሪህ 11 በመቶ ታዋጣላችሁ።

"ውል አልፈረምኩም" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም መብትህ አይጠፋም። አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የያዘ የተፈረመ ወረቀት ሊሰጥህ ይገባል። እስከዚያው የተላከልህን ትእዛዝና ክፍያ ሁሉ ስልክህ ላይ አስቀምጥ፤ እንዳትሰርዘው።

ጥያቄ፦ ዕቃ ሲጠፋ ሙሉ ዋጋውን ከደመወዜ ይቆርጡብኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ እንዲያው በአለቃ ፈቃድ አይቆረጥም። ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት (ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የተፈራረመው)፣ የሥራ ደንብ ወይም አንተ በጽሑፍ የሰጠኸው ስምምነት መኖር አለበት። ቢኖርም በወር ከደመወዝህ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ስትቀጠር ያስፈረሙህን ወረቀት አንብበው፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ለጥምቀት እንግዳ ሲበዛ ቀንም ሌትም እንሠራለን። የሚጨመርልን የለም። (ከፒያሳ፣ የሆቴል ዕቃ አመላላሽ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ሊጨመርልሽ ይገባል። በትርፍ ሰዓት፣ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንድ ነጥብ ሰባ አምስት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። የጥምቀት ዕለት በዓል ነው፣ የከተራው ዕለት ግን አይደለም። ሲያስቡልሽ ይህን ለይተሽ ተከራከሪ። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይለፍ።

ጥያቄ፦ እኔ ቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ነኝ። ጫኝና አውራጆች በማኅበር ተደራጅተው ያልተስማማሁበትን ዋጋ ይጭኑብኛል። ማኅበር ይኼ ከሆነ ይቅርብን።

መልስ፦ እትዬ፣ ምሬትዎ ይገባኛል። እነሱ ግን አገልግሎት የሚሸጡ፣ ዋጋ የሚቆርጡ የተደራጁ ሰዎች ናቸው። የሠራተኛ ማኅበር ግን የሚደራደረው ከቀጠረው አሠሪ ጋር ነው፤ ከእርስዎ በር ላይ ቆሞ ዕቃዎን አያግድም። እነዚያ ልጆችም ቢሆኑ ወገባቸው እንደኛው ነው። ዋጋው አስቀድሞ ተጽፎ ቢለጠፍ ግማሹ ጠብ ይቀራል።

ጥያቄ፦ አድማ መምታት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ዝም ብሎ ሥራ ጥሎ መሄድ አድማ አይባልም። መጀመሪያ በስምምነት ለመፍታት መሞከር አለበት። ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው የማኅበሩ አባል በተገኘበት ስብሰባ አብዛኛው ይወስናል፣ ለአሠሪው የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የዩፒኤስ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1997፣ 185,000 ሆነው፣ 15 ቀን አድማ መትተዋል። ያን ቀን ለማለፍ ግን ቀድሞ የተጠራቀመ መዋጮ ያስፈልጋል። ባዶ ኪስ ይዞ አድማ አልመክርም።

ጥያቄ፦ እኛ ዘጠኝ ነን። እንችላለን?

መልስ፦ አንድ ሰው ጨምሩ። ለማኅበር ቢያንስ 10 አባል ያስፈልጋል። የምትሠሩበት ድርጅት ከ10 ሠራተኛ በታች ካለው፣ ከሌሎች መሰል ትንንሽ ድርጅቶች ሠራተኞች ጋር ተደምራችሁ አንድ ላይ ማቋቋም ትችላላችሁ። መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ፣ መሪ ምረጡ፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ተመዝገቡ። የማኅበር አባል በመሆን ብቻ ማባረር ክልክል ነው። ስም ዝርዝሩን ግን ሳትመዘገቡ ለአለቃ አታሳዩ።